ለኦዞን ግማሽ ሰዓት አይበቃም

የሲጋራና የሻጋታ ሽታ ያጠፋሉ ተብለው ለመኪና፣ ለሆቴል ክፍልና ለመኖሪያ ቤት የሚሸጡ የኦዞን ማሽኖችን አንድ ማረጋጊያ ቃል አይለያቸውም፤ «ኦዞኑ በግማሽ ሰዓት ተመልሶ ኦክስጅን ይሆናል» ይባላል። ኦዞን የማይረጋ ጋዝ መሆኑ እውነት ነው። የሚጠፋው ግን በአንዴ ሳይሆን እየተጋመሰ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ 43 ቤቶች ተለክተው እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ግድግዳው፣ ምንጣፉና መጋረጃው ኦዞኑን በአማካይ በሩብ ሰዓት ገደማ ያጋምሱታል። ማሽኑ የክፍሉን አየር ከሚሊዮን 10 እጅ ኦዞን ቢሞላው፣ በግማሽ ሰዓት የሚገባ ሰው የሚተነፍሰው ገና 2.5 እጅ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሕክምና መሣሪያዎች ያስቀመጠው ወሰን 0.05 እጅ ስለሆነ፣ ይህ የወሰኑ 50 እጥፍ ነው። ከወሰኑ በታች ለመውረድ ስምንት ጊዜ መጋመስ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። መጋረጃና ምንጣፍ በሌለበት ዝግ ክፍል መጋመሱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ደግሞ አራት ሰዓት ይሆናል።

«ሽታው ከጠፋ ምን ቀረ?» የሚል አይጠፋም። አፍንጫ ኦዞንን በጥቂቱም ቢሆን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ቶሎ ይለምደዋል። ስለዚህ መሽተቱ ውጡ ማለት ነው፤ አለመሽተቱ ግን ግቡ ማለት አይደለም። ኦዞኑ ራሱ ቢያልቅ እንኳ በሎሚ መዓዛ ከተሠሩ የወለል ማጽጃዎች ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ፎርማልዴሃይድና እጅግ ደቃቅ ብናኝ ይቀራል። እነዚህን ጠርጎ የሚያወጣው የተከፈተ መስኮት እንጂ የሰዓት ቆጠራ አይደለም።

ኦዞን የመጠጥ ውሃ ያጣራ የለም ወይ የሚሉም አሉ። ያጣራል፤ ግን በዚያ ሂደት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚተነፍስ ሰው የለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ ጤና በማይጎዳ መጠን የተለቀቀ ኦዞን የቤትን አየር የማጽዳት አቅሙ እምብዛም ነው። ሽታውን የሚያሸንፈው መጠን ሳንባንም ይጎዳል፤ የአስም ሕመምተኞችና ሕፃናት ደግሞ ቀድመው ይጎዳሉ።

እንግዲህ በአሜሪካም ሆነ በዓረብ አገሮች ሆቴል የምታጸዱ ወገኖቻችን፣ ማሽኑ በጠፋበት ቅጽበት ክፍሉን ተረከቡ ስትባሉ መጀመሪያ አየሩ በመሣሪያ መለካቱን ጠይቁ። በቤታችሁ የሚሸት ነገር ካለም የሻገተውን ጠርጉ፣ ጭስ የጠጣውን መጋረጃ እጠቡ፣ መስኮቱን ክፈቱ። ሰው በሚኖርበት ቤት የኦዞን ማሽን ቦታ የለውም።