ስንብት እንደ መድኃኒት፦ የዋልያዎቹ አሰልጣኝ ወንበርና የደጋፊው ቁጣ

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ውስጥ ሥር ከሰደዱ እምነቶች መካከል የአሰልጣኝ ስንብትን ያህል ሳይመረመር የሚታለፍ ያለ አይመስልም። ብሔራዊ ቡድኑ በተከታታይ ሲሸነፍ፣ ወይም አንድ ክለብ በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ሲዳክር፣ ከደጋፊው አንደበት ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «አሰልጣኙ ይውረድ» የሚል ሲሆን፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፌዴሬሽኑ ወይም የክለቡ ቦርድ ከዋና አሰልጣኙ ጋር በስምምነት መለያየቱን በአጭር መግለጫ ያሳውቅና ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ስንብት የሚለው ቃል በዚህ ጽሑፍ ውሉ ሳያልቅ የሚነሳውንም፣ ውሉ አልቆ ሳይታደስለት የሚቀረውንም፣ ተገፍቶ የሚለቀውንም አሰልጣኝ ያጠቃልላል። የጽሑፉ ሙግትም ይህ ልማድ ቡድንን እንደማያድን፣ ይልቁንም የደጋፊውን ቁጣ ወደ አንድ ሰው በመምራት ያንን ሰው ለሾመው አካል ከለላ እየሆነ መምጣቱን ማሳየት ነው።

የደጋፊው ብስጭት ግን በቂ ምክንያት አለው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ከተሳተፉት ሦስት አገሮች አንዷ የነበረች፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን ያነሳች አገር ስትሆን፣ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተካሄደው ውድድር በኋላ ወደዚያው መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። ይህን ታሪክ ከአባቱ እየሰማ ያደገ ተመልካች ቡድኑ በሦስትና በአራት ግብ ልዩነት ሲሸነፍ ዝም ይበል ቢባል ፍትሐዊ አይሆንም። ዋና አሰልጣኝ ማለት ተጫዋች የሚመርጥ፣ የልምምዱን ይዘት የሚወስን፣ የጨዋታ ዕቅድ የሚነድፍ፣ በጨዋታ መካከል የሚቀይር፣ በመልበሻ ክፍል ውስጥ ሥርዓትና መተማመን የሚያሰፍን ባለሙያ ነውና፣ በእነዚህ ጉዳዮች ሁሉ በጥብቅ ሊጠየቅ ይገባዋል። ተጫዋችን ያለቦታው ያሰለፈ፣ ቡድኑ እየተመራ ቅያሪውን እስከ 80ኛው ደቂቃ ያዘገየ፣ ከሽንፈት በኋላ ለሕዝብ የሚሰጠው ማብራሪያ ከዳኛና ከዕድል የማያልፍ አሰልጣኝ መተቸቱ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደጋፊው በአሰልጣኙ እጅ ያለውንና የሌለውን ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ትከሻ ላይ ሲጭን ነው።

ለዚህ የብሔራዊ ቡድኑ የቀድሞ አሰልጣኝ የሰውነት ቢሻው ዘመን ግልጽ ማሳያ ነው። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ቡድን በጥቅምት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 በማሸነፍ፣ በድምር እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጭ ያገባቸው ግቦች ብልጫ በሚያስገኙበት ሕግ መሠረት፣ የ31 ዓመቱን ጥበቃ ሰበረ። በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫም ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ተጫዋቾች የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን 1 ለ 1 ከያዘ በኋላ በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፎ ከምድቡ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ አገሪቱ በደስታ በታጠበችበት ሰሞን ግን፣ በሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ በማየቱ ሊታገድ ይገባው የነበረ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ መሰለፉ ታወቀ። ፊፋ የዚያን ጨዋታ ውጤት ሽሮ ለቦትስዋና የ3 ለ 0 አሸናፊነት ሲሰጥ ኢትዮጵያ ሦስት ነጥብ አጣች። የካርድ መዝገብ መያዝ ማለት የትኛው ተጫዋች በየትኛው ጨዋታ ቅጣት እንዳለበት ከዓለም አቀፉ አካል ደብዳቤ ጋር እያመሳከሩ መከታተል ማለት ሲሆን፣ ይህ ከልምምድ ሜዳው ይልቅ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነው። ቡድኑ ሦስት ነጥብ ተቀንሶበትም ምድቡን በ13 ነጥብ በአንደኛነት ጨርሶ፣ ከአፍሪካ ለዓለም ዋንጫ አምስት ቦታ ከሚፋለሙት አሥር አገሮች አንዱ ሆነ፤ በደርሶ መልሱም በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ጉዞው አበቃ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በጥር 2006 ዓ.ም.፣ በቻን ውድድር የሆነው ይታወቃል። ቻን በየአገሩ የውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሳተፉበት የአፍሪካ ውድድር በመሆኑ፣ ከአሰልጣኙ ይልቅ የአገሩን ሊግ ጥራት የሚመዝን መድረክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸንፋ አንድም ግብ ሳታስቆጥር ተመለሰች፤ በየካቲት ወርም ሰውነት ቢሻው ተሰናበተ። ሊጉ ለምን ግብ የሚያስቆጥር አጥቂ አላፈራም የሚለው ጥያቄ፣ ክለቦች ከውጭ በሚመጡ አጥቂዎች ላይ ለምን ይደገፋሉ የሚለው ጥያቄ፣ የታዳጊ ቡድኖች ለምን በስም ብቻ ይኖራሉ የሚለው ጥያቄ በአንድ ሰው መሄድ ተሸፍኖ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በፍጥነት ሊነገር የሚችል ነው፣ ምክንያቱም እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ፖርቹጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በ2006 ዓ.ም. መጥቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሄደ። ዮሐንስ ሳህሌ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አልጄሪያ ላይ 7 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ፣ በመልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 3 ቢለያይም፣ ወንበሩ ላይ አልሰነበተም። በሰኔ 2009 ዓ.ም. በአሸናፊ በቀለ የሚመራው ቡድን ኩማሲ ላይ በጋና 5 ለ 0 ተረታ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ሄደ። አብርሃም መብራቱ የመንን ለእስያ ዋንጫ ካበቃ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ማሸነፍ የቻለ ቢሆንም፣ ማጣሪያው ገና በመካከል ላይ እያለ ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ውበቱ አባተ ኒጀርንና ማዳጋስካርን በሜዳው በሰፊ ግብ አሸንፎ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያበቃ፣ ከተሰበሰበው ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ የቀደመው አሰልጣኝ ያስመዘገበው ነበር። ያ ውጤት የአንዱ ወይም የሌላው ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ፣ በአሰልጣኝ ስም ብቻ ቡድንን የመለካት ልማድ ምን ያህል እውነታን እንደሚያዛባ ያሳያል።

የስንብትን ጠቃሚነት የሚያምኑ ወገኖች ዘወትር የሚያቀርቡት ማስረጃ አዲሱ አሰልጣኝ ከመጣ በኋላ ቡድኑ ጥቂት ጨዋታዎችን ማሸነፉን ነው። በኔዘርላንድ ከፍተኛ ሊግ ላይ የተሠሩ የምጣኔ ሀብት ጥናቶች ይህንኑ መርምረው፣ በተመሳሳይ የሽንፈት ሰንሰለት ውስጥ ገብተው አሰልጣኛቸውን ያላሰናበቱ ክለቦችም በተመሳሳይ ፍጥነት እንዳገገሙ አሳይተዋል። የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ይህን ክስተት ወደ አማካይ መመለስ ይሉታል፤ ይኸውም ከተለመደው አቅሙ በታች የወረደ ማንኛውም ቡድን፣ ምንም ባይደረግለትም፣ ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው ደረጃው የመመለስ ዝንባሌ አለው ማለት ነው። የሚሰናበተው አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ ቡድኑ እጅግ በወረደበት ሰዓት ስለሚሄድ፣ መመለሱ የማይቀረው መሻሻል በተተኪው ስም ይመዘገባል። ተተኪውም ያው ደረጃ ላይ ሲደርስና ከዚያ አልፎ መሄድ ሲያቅተው ጩኸቱ እንደገና ይነሳል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ቁጣው አሰልጣኙ ላይ የሚያርፈው አሰልጣኙ ከሁሉም ይልቅ የሚታይና የሚደረስበት ስለሆነ ነው። በሊጉ የሚሳተፉ አብዛኞቹ ክለቦች ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ ደጋፊው የቦርድ አባል የሚመርጥበትም የሚሽርበትም መንገድ የለውም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተወሰኑ ከተሞች እየተዘዋወረ በአንድ ሜዳ የሚካሄድ በመሆኑም ክለብ በገዛ ደጋፊው ፊት፣ በገዛ ሜዳው የመጫወት ዕድሉ ጠብቧል። ለቴሌቪዥን ሥርጭት አመቺ የሆነው ይህ አሠራር ደጋፊውን ከሜዳው ሲያርቅ፣ ድምፁን በቀጥታ ለክለቡ የሚያሰማበትን ቦታም ነጥቆታል። በዚህ ላይ በትግራይ ጦርነት ምክንያት የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታን ጨምሮ የትግራይ ክለቦች ለዓመታት ከሊጉ ውጭ መቆየታቸው፣ ብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች ከሚቀዳባቸው ምንጮች አንዱን ማድረቁ ግልጽ ነው። ለዚህ ምንም ዓይነት አሰላለፍ መፍትሔ አይሆንም።

በተቃራኒው ወገን የቆሙ የትዕግሥት ሰባኪዎችም ቢሆኑ ሙግታቸው ሙሉ አይደለም። በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ሊግ ተከታታይ እጅግ ብዙ በመሆኑ የአሌክስ ፈርጉሰን ምሳሌ በየክርክሩ ይነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ማንቸስተር ዩናይትድን ተረክቦ እስከ 1990 ድረስ አንድም ዋንጫ ሳያነሳ መቆየቱ፣ በመሐል ደጋፊዎች ይሂድ ብለው መጠየቃቸው፣ በመጨረሻ ግን 13 የሊግ ዋንጫዎችን መሰብሰቡ ይተረካል። ከትረካው የሚጎድለው ፈርጉሰን በእነዚያ ዓመታት የታዳጊዎችን ምልመላ ከመሠረቱ እንዲያደራጅ ሥልጣን የተሰጠው መሆኑ፣ ቦርዱም የዋንጫ መደርደሪያው ባዶ ሳለ የሚመለከተው ሌላ የሥራ ፍሬ የነበረው መሆኑ ነው። ምን እንደሚጠበቅ ሳይታወቅ መታገሥ ምን እንደጠፋ ሳይታወቅ ከማሰናበት በብዙ አይሻልም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ በታዳጊዎች ሥልጠና፣ በሊጉ የጨዋታ ፕሮግራምና በሜዳ ዝግጅት ላይ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን ሳይኖረው የእነዚህን ሁሉ ውጤት ተሸካሚ ሲደረግ፣ ዘመኑ ቢረዝምም ቢያጥርም ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የደጋፊው ጥያቄ አቅጣጫውን ሊቀይር ይገባዋል። አሰልጣኝ ሲቀጠር በውሉ ላይ የተቀመጠው ግብ ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን የዝግጅት ጊዜና ስንት የወዳጅነት ጨዋታ ቃል እንደተገባለት፣ ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ እንደተፈጸመለት ፌዴሬሽኑ በይፋ እንዲናገር መጠየቅ የሚቻል ነገር ነው። አሰልጣኝ ሲሰናበትም የቴክኒክ ሪፖርቱ፣ ማለትም በቆይታው ያየውን የተጫዋቾች አቋም፣ የዝግጅት ጉድለትና የቡድኑን የአጨዋወት ሁኔታ የሚዘረዝረው ሰነድ፣ ለተተኪው መተላለፉንና ዋና ዋና ነጥቦቹ ለሕዝብ መገለጻቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ሲሆን አሰልጣኙም መሸሸጊያ አይኖረውም፤ ቃል የተገባለት ሁሉ ተሟልቶለት ያልሠራ ከሆነ ስንብቱ በማስረጃ ይጸናል፣ ደጋፊውም በእርሱ ላይ ያነሳው ቅሬታ በስሜት ብቻ የተነሳ አለመሆኑ ይታወቃል።

የሜዳው ጉዳይ ከሁሉ በላይ ሊጠየቅበት የሚገባው ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ የአገሪቱ ስታዲየሞች የመልበሻ ክፍልን፣ የሣርንና የመቀመጫን መስፈርት አያሟሉም በማለት ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግዱ ካገደ በኋላ፣ ዋልያዎቹ በሜዳቸው ሊያደርጉት የሚገባውን ጨዋታ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር ጆሃንስበርግ ላይ አደረጉ፤ አደይ አበባ ስታዲየምም ለዓመታት በግንባታ ላይ ቆየ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን ከአራት ወር በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ የነበረችውን ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ጨዋታው የተካሄደው በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ነበር። የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የሐዋሳ ደጋፊ የዚያን ዘመን ትልቁን የሜዳ ድል ያየው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። በቀጣዩ መጋቢት ቡድኑ በሜዳው የሚያደርገውንም ከሜዳው ውጭ የሚያደርገውንም የጊኒ ጨዋታ ሞሮኮ ላይ ተጫውቶ ሁለቱንም ተሸነፈ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ውበቱ ተሰናበተ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በገብረመድህን ኃይሌ የሚመሩት ዋልያዎቹ ቡርኪና ፋሶን በሜዳቸው እንዲያስተናግዱ ፕሮግራም ሲወጣላቸው፣ ጨዋታው የተካሄደው ዳግመኛ ሞሮኮ፣ ኤል ጀዲዳ ላይ ነበር።