የእስረኛዪቱን ቀን ማን ይቍጠር?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2007 በካናዳ፣ በኪችነር ከተማ በሚገኘው የሴቶች ወህኒ ቤት፣ አሽሊ ስሚዝ የተባለች የ19 ዓመት የአእምሮ ሕመምተኛ እስረኛ ብቻዋን በተዘጋችበት ክፍል ውስጥ በገዛ እጇ አንገቷን አንቃ ነፍሷ ስትወጣ፣ እስትንፋሷ እስካለ ድረስ እንዳይገቡ ከአለቆቻቸው የታዘዙት ጠባቂዎች ከደጅ ቆመው ይመለከቷት ነበር። ይህች ልጅ በ15 ዓመቷ በፖስታ አመላላሽ ላይ የዱር ፖም በመወርወሯ ታስራ፣ በወህኒ ባጠፋችው ሁሉ ቅጣት እየተደረበባት ከዚያ ቀን ደረሰች። አሟሟቷን የመረመረው የሕዝብ ፈራጆች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ራስን መግደል ሳይሆን በሰው እጅ የደረሰ የነፍስ ጥፋት ነው ብሎ ወሰነ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው፣ ሕግ አልነበረም ለማለት የማይቻል መሆኑ ነው። ለብቻው የተዘጋ እስረኛ 60 ቀን ሲሞላው ጉዳዩን ከወህኒ ቤቱ በላይ ያለ ሹም እንዲመረምር ተደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን አሽሊ ዓመት ባልሞላ ጊዜ 17 ጊዜ ከቦታ ወደ ቦታ ስለ ተዛወረችና በተዛወረች ቍጥር ቀኗ እንደ አዲስ ከአንድ ስለ ተጀመረ፣ ያ ምርመራ አንድም ጊዜ ሳይደረግላት ቀረ። ቈጣሪው ራሱ አሳሪው ነበርና! ከዚህ ሞት 11 ዓመት አስቀድሞ፣ በኪንግስተን የሴቶች ወህኒ ቤት የተፈጸመውን ግፍ የመረመሩት ዳኛ ሉዊዝ አርቡር፣ ለብቻ የመዝጋት ሥልጣን በፍርድ ቤት ቍጥጥር ሥር እንዲውል መክረው ነበር፤ ምክራቸው ግን ሳይፈጸም ቀረ።

በፈቃዱ ዓለምን ለናቀ ባሕታዊ ብቸኝነት ጸጋ ሊሆንለት ይችላል፤ አእምሮዋ ለታወከ ሴት ግን በሕመም ላይ የተጨመረ ሕመም ነው። ጩኸቷም እንደ ዐመፅ ስለሚቈጠርባት፣ መብቷ አቤቱታዋን ሳይጠብቅ በራሱ የሚጸና ሊሆን ይገባዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየመው ደንብ፣ እስረኛን በቀን 22 ሰዓትና ከዚያም በላይ ከሰው ለይቶ መዝጋት ከ15 ተከታታይ ቀናት እንዳያልፍ ይደነግጋል፤ በዚህ ሕመማቸው የሚጸናባቸውን ሕሙማነ አእምሮ መዝጋትን ደግሞ ፈጽሞ ይከለክላል። ካናዳም እ.ኤ.አ. በ2019 አሮጌውን ሥርዓት ሽራ፣ ከወህኒ ቤቱ ውጪ የሆኑ መርማሪዎችን አቆመች። መሻሻል መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም እነዚህ በሚኒስትር የሚሾሙ እንጂ ዳኞች አይደሉም። ስለዚህ ሕሙሟ እስረኛ በተዘጋች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ የወህኒ ቤቱ ተቀጣሪ ያልሆነ ሐኪም ቃሉን እየሰጠ፣ ጠበቃም ከጐኗ ቆሞ፣ ጉዳይዋ ለዳኛ ይቅረብ፤ ብትዛወርም ቍጥሩ አይቋረጥ፤ ዳኛው ወደ ሕክምና ቤት ትወሰድ ብሎ ባዘዘ ጊዜም፣ አልጋ የለም የሚል መልስ እንዳይቀበል በሕግ ይጻፍ።