የታሪክ ትምህርት ስምምነት እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም

የታሪክ ሥርዓተ ትምህርት ሊከለስ ነው በተባለ ቁጥር በአገራችን የሚነሣው ክርክር አንድ ዓይነት ነው፦ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ለየትኛው ንጉሥ ስንት ገጽ፣ ለየትኛው ሕዝብ ስንት ምዕራፍ። ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች የሚሰጠው «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» ሲዘጋጅም ምሁራኑን ያከራከረው በአመዛኙ ይኸው ነበር። በእኔ እምነት ስለ ድርሻ የምንጣላውን ያህል ተማሪው በመጽሐፉ ምን ሊሠራበት እንደሚችል አልጠየቅንም። በትረካው ላይ መቼ እንደምንስማማ አይታወቅም። አንድን የታሪክ ወሬ እንዴት መመርመር እንደሚገባ ግን ዛሬውኑ ልንስማማ እንችላለን፤ ሥርዓተ ትምህርቱም መቆም ያለበት በዚህ ላይ ነው።

በንጉሡ ዘመን የተማረ ሰው የተክለ ጻድቅ መኩሪያን መጻሕፍት ያስታውሳል፤ ትረካው ነገሥታቱን ተከትሎ ይጓዝ ነበር። በደርግ ጊዜ ታሪክ የመደብ ትግል ሆነ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ብሔር ብሔረሰቦች ወደ መድረኩ መጡ። በዜና መዋዕሉ ስማቸው ያልተጠራ ወይም በክፉ ብቻ የተጠራ ሕዝቦች በመጽሐፍ መግባታቸው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ወደ ኋላ ሊመለስም አይገባም። ነገር ግን በሦስቱም ዘመን የተማሪው ሥራ አልተለወጠም። መጽሐፉ ይናገራል፣ መምህሩ ያብራራል፣ ተማሪው ይሸመድዳል። ጀግናው ተለዋወጠ እንጂ አጠናኑ ያው ነው።

የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ታሪክ ምን እንደ ሆነና የመጀመሪያ ደረጃና የሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ምን እንደ ሆኑ ይነገራል። መልካም ጅምር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገጹ ሁሉ ትረካ ይሆናል። ተማሪው የምንጭን ትርጉም በቃሉ ያውቃል፤ አንድ ምንጭ አንሥቶ «ይህን የጻፈው ማን ነው? ለማን ጻፈው? ምን አየ፣ ምን ደበቀ?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድል ግን የለውም።

ምን ማለቴ እንደ ሆነ በ16ኛው መቶ ዘመን ላሳይ። ከ1521 ዓ.ም. የሽንብራ ኩሬ ጦርነት እስከ 1551 ዓ.ም. የዐፄ ገላውዴዎስ ሞት ያለው ሠላሳ ዓመት የዛሬውን ጭቅጭቅ ብዙውን ክፍል አቅፎ ይዟል፦ ክርስትናና እስልምና፣ ደጋና ቆላ፣ የኦሮሞ መስፋፋት፣ የውጭ ኃይል ጣልቃ ገብነት። ምስክሮቹም ብዙ ናቸው። ዐረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው ሺሃብ አድ-ዲን ኢማም አሕመድ (ግራኝ) በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ ያካሄዱትን ዘመቻ ከኢማሙ ወገን ሆኖ በዐረብኛ ጽፏል፤ በእጃችን ያለው ጽሑፉ ግን ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ከመገደላቸው በፊት ያበቃል። የገላውዴዎስ ዜና መዋዕል በግዕዝ የቤተ መንግሥቱን ወገን ይዞ ቆሟል። ገላውዴዎስን ሊረዳ ከመጣው የፖርቱጋል ጦር አዛዥ ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር የነበረው ወታደር ካስታኞዞ ደግሞ ጦርነቱን በራሱ ጓዶች ገድል በኩል ያየዋል። ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ አንዱ ድል የሚለው ለሌላው እልቂት እንደ ሆነ ያያል። ምስክሮቹ ሳይስማሙ የሚስማሙባቸውን ነገሮች፣ ለምሳሌ የጠመንጃን ሚና፣ ነጥሎ ማውጣትም ይለምዳል።

በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ አባ ባሕርይ ስለ ኦሮሞ የጻፈው ትንሽ ድርሳን አለ። አባ ባሕርይ ወዳጅ ምስክር አይደለም፤ ቋንቋው የሚያቆስል ነው፤ መምህሩም ይህን ሳይሸፋፍን በግልጽ ማስተማር አለበት። ሆኖም ይኸው መነኩሴ የሉባዎቹን፣ ማለትም በየተራ የገዳ ሥልጣን የያዙትን ትውልዶች፣ ስም በተራ መዝግቧል። የገዳ ሥልጣን በስምንት ዓመት የሚዘዋወር በመሆኑ የታሪክ ምሁራን ይህን ዝርዝር ከኦሮሞ አፈ ታሪክ ጋር እያመሳከሩ ዘመን ቆጥረውበታል። የገዛ ወገኑ ለምን እንደ ተሸነፈ ሲመረምርም ሕዝቡን በአሥር መደብ ከፍሎ የሚዋጋው አንዱ ብቻ መሆኑን ጽፏል፤ ይህ ደግሞ ስለ ክርስቲያኑ መንግሥት ውስጣዊ ድክመት የተሰጠ ምስክርነት ነው። የጠላት ጽሑፍ ሳይወድ የሚመሰክረውን እንዲህ ማውጣት የቻለ የ15 ዓመት ልጅ በስልኩ የሚደርሰውን የታሪክ ስብከት በቀላሉ አይቀበልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያማል። የዐፄ ምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ወጋ፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተማረኩ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ። በመካከሉ ያለው ከአንድ ዓመት ብዙም አይበልጥም። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሃይም ወላይታ ላይ ያየውን ግድያና ምርኮ ጽፏል። በሌላ በኩል የጅማው አባ ጅፋር እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። እነዚህን በተለያየ ምዕራፍ፣ በተለያየ ድምፅ ማስተማር ለተማሪው ሁለት የማይተዋወቁ ምኒልኮችን ይሰጠዋል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን ይክዳል። በአንድ ክፍለ ትምህርት ካነበባቸው ግን ከባዱን ጥያቄ ለመጠየቅ ይገደዳል፦ አፍሪካን ያኮራ ድል ያገኘ መንግሥት እንዴት ተሠራ? ዋጋውንስ ማን ከፈለ? ዓድዋ በዚህ ጥያቄ አያንስም።

«አገር በቋፍ ላይ እያለች ልጆችን በክርክር አናስጨንቅ፤ መጀመሪያ እንስማማ» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ከበጎ ልብ የመጣም ነው። ግን ሊባኖስን እንመልከት። የእርስ በርስ ጦርነቱን ያስቆመው የ1989 እ.ኤ.አ. የጣኢፍ ስምምነት ለሁሉም አንድ የታሪክ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ወገኖቹ በይዘቱ ሊስማሙ ስላልቻሉ መጽሐፉ ሳይወጣ ዐሥርት ዓመታት አለፉ። ልጆቹ ግን ታሪክ ሳይማሩ አላደጉም፤ እያንዳንዱ ከቤቱና ከሰፈሩ የራሱን ወገን ታሪክ ተማረ። ክፍሉ ዝም ሲል ሌላው ይናገራል፤ የሚናገረውም ማስረጃ አምጣ የማይባል ሰው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይህ አካሄድ «ሁሉም እውነት ነው» ወደ ማለት ይወስዳል የሚል ነው። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ትውልድ እንውሰድ። የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከዚያ ቆጥሯል። ይህን ትውልድ የሚተርከው ክብረ ነገሥት ግን ዛሬ ባለው መልኩ የ14ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ዘመኑን የጠየቀ ተማሪ መጽሐፉ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ስለ ሆነው ነገር ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ሥልጣን እንዴት ይታሰብ እንደ ነበር ግን ብርቱ ማስረጃ መሆኑን ይረዳል። መጽሐፉን ሳይንቅም፣ ሳያመልከውም ይማርበታል።

ይህ ሁሉ የሚከሽፈው ፈተናው ላይ ነው። በምርጫ ብቻ የሚፈትን አገር አቀፍ ፈተና ዓመተ ምሕረትና ስም ይጠይቃል፤ መምህሩም የሚፈተነውን ያስተምራል፤ አይፈረድበትም። የቋንቋ እንቅፋትም አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በአማርኛ የተጻፈ ሆኖ ሳለ አማርኛ አንባቢው ልጃችን ስለ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር አንብቦ ያልፋል። የማስተማሪያ ቋንቋውን መለወጥ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ውሳኔ ከሆነ፣ ምንጮቹን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች በአባሪነት ማተም ግን የሚከብድ አይደለም።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር ለሚቀጥለው ክለሳ ኮሚቴ ከማቋቋሙ በፊት አንድ ነገር ያድርግ። በ12ኛ ክፍል የታሪክ ፈተና ላይ የማይስማሙ ሁለት አጫጭር ምንጮች ይውጡና ተማሪው የትኛውን፣ በምን ያህል፣ ለምን እንደሚያምን በግማሽ ገጽ ይጻፍ። ማረም ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይመደብለት። ጥያቄው ፈተና ላይ በወጣ ማግስት መምህራን ምንጭ ፍለጋ ይወጣሉ።