ትልሙን ያላወቀው ተቺ

ውርጭ የመታው እርሻ በማለዳ ምን እንደሚመስል ለገበሬ መንገር አያስፈልግም። ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደመና ሳይኖር ሲያድር ጧት ትልሙ ላይ ነጭ ነገር ተነስንሶበት ይታያል። ጓሉ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ስትወጣ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ቶሎ ይቀልጣል፤ ጥላ ያለበት ግን ቆየት ይላል። ደገኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ባቄላው የተቃጠለበትማ መቼ ይረሳዋል!

ዛሬ የምናወራው ይህንኑ ውርጭ ስለ ሣለ አንድ ፈረንጅ ሠዓሊና በሥዕሉ ስለ ሳቀበት የከተማ ሰው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሠዓሊው ካሚይ ፒሳሮ ይባላል። በ1830 በካሪቢያን ባሕር ባለች ሴንት ቶማስ በምትባል ደሴት ተወለደ። አባቱ ነጋዴ ነበር። ልጁ ግን ሱቅ መቀመጡን አልወደደም፤ ሥዕል ብሎ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ከጓደኞቹ ብዙዎቹ ጀልባና ወንዝ፣ ቴአትርና ጭፈራ ሲሥሉ እሱ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው በፖንቷዝ ከተማ ተቀምጦ በየእርሻው ይዞር ነበር። በ1873 እዚያው አጠገብ፣ ኤነሪ በምትባል መንደር አንድ ሥዕል ሣለ። ስሙንም ‹‹ነጭ ውርጭ›› አለው።

ሥዕሉ ትልቅ አይደለም። ቁመቱ 65 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 93 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በክንድ ብትለኩት ወርዱ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። አብዛኛው መሬት ነው። ሰማዩ ከላይ በኩል ጠበብ ብሎ ይታያል። ትልሙ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። በትልሙ ላይ የዛፎች ጥላ ተጋድሞበታል። በመካከል አንድ ሰው ጭራሮ በጀርባው ተሸክሞ፣ በትር ተመርኩዞ መንገዱን ይወጣል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ንጉሥ የለም፣ ጦርነት የለም፣ ቆንጆ ሴትም የለችም።

በዚያ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የትኛው ሥዕል ለሕዝብ ይታይ፣ የትኛው ይቅር የሚሉ ዳኞች ነበሩ። በእነሱ ፍርድ የተማረሩ ሠላሳ ያህል ሠዓሊዎች ተሰባስበው በሚያዝያ ወር 1874 አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ትቶት በወጣው ቤት የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ። ፒሳሮ አምስት ሥዕሎች አቀረበ። ‹‹ነጭ ውርጭ›› አንዱ ነበር።

ሉዊ ለሯ የሚባል ጋዜጠኛ መጥቶ አየና በአንድ የቀልድ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ጽሑፉ የሁለት ሰዎች ጭውውት ነው። ከጸሐፊው ጋር የሚዞረው ሽልማት ያገኘ፣ ስመ ጥር የተባለ ሠዓሊ ነው፤ እርግጥ ጋዜጠኛው የፈጠረው ሰው ነው። ይህ ትልቅ ሰው ከፒሳሮ ሥዕል ፊት ሲደርስ መነጽሩ የቆሸሸ መሰለውና አውልቆ ጠረገው። እንደገና አየ። ያው ነው። ይህ ትልም ነው፣ ያም ውርጭ ነው ቢሉት አላምን አለ፤ ከቀለም ገበታ ላይ ተፍቆ በቆሻሻ ሸራ ላይ የተለጠፈ ቀለም ነው ብሎ ፈረደ። እነዚህ ሠዓሊዎች ‹‹ኢምፕሬሽኒስት›› የሚለው ስም የወጣላቸውም በዚሁ ጽሑፍ ነው። ስሙ የወጣው ለፌዝ ነበር፤ እነሱ ግን በኋላ ራሳቸው ያዙት።

እንግዲህ ፊደል ሳንቆጥር በፊት ጋዜጣ ምን ይመስለን እንደ ነበር እናስታውስ። ጉንዳን የሄደበት ወረቀት ይመስለን አልነበረም? ጥፋቱ ግን የጋዜጣው አልነበረም። ፒሳሮ ቀለሙን አሽቶ አላለሰለሰውም። ነጩን ከቢጫው፣ አረንጓዴውን ከሰማያዊው አጠገብ በብሩሽ ጫን ጫን እያደረገ አስቀመጠው። አፍንጫህን አስጠግተህ ካየኸው እውነትም የቀለም ጓል ነው። ጥቂት ራቅ ስትል ግን ትልም ይሆናል፣ ጧት ይሆናል፣ ብርዱም ይመጣል። ያ የተማረ ሰው የቤተ መንግሥት ሥዕል ማንበብ ይችል ነበር። የእርሻ ፊደል ግን አልቆጠረም። በዚያ አዳራሽ ከኤነሪ አንድ አራሽ ቢጠሩ ኖሮ መነጽር መጥረግ ባላስፈለገ ነበር። ማንም አልጠራም።

ሌላም ተቺ ነበር፤ ካስታኛሪ ይባላል። ይኸኛው የፒሳሮን ሥራ ያመሰገነ ሰው ነው፤ ግን አንድ ስሕተት አገኘሁ አለ። ጥላው አለ፣ ዛፎቹ ግን ሥዕሉ ውስጥ የሉም፤ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው አለ። አሁን ይህ ምን ጥፋት አለው? ሰው እርሻው መካከል ቆሞ ወደ ፊት ሲያይ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ነው። ዛፉ በጎን ወይም በኋላ ቢሆን ጥላው መጥቶ እግሩ ሥር ይወድቃል። ዛፉን ለማየት አንገቱን ማዞር አለበት። ፒሳሮ አንገቱን አላዞረም፤ እኔ ትክክል ነው እላለሁ።

እኔ ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ሥዕሉ የውርጩን ስም ይዟል፣ መንደሩም ይታወቃል። የሰውዬው ስም ግን የለም። ፊቱም በቅጡ አይታይም። ጭራሮው ለራሱ ምድጃ ይሁን፣ ለሌላ ሰው ቤት ይሁን አይነገረንም። ሠዓሊው ሰውዬውን እንደ ሰው አይቶታል ወይስ እንደ አንድ የትልም ጉብታ? ብዙ አስቤበታለሁ። አንድ ነገር ግን ለፒሳሮ እመሰክራለታለሁ፤ ሰውዬውን አላሳመረውም፣ እንባ እንዲያስፈስስም አላደረገውም። ከሸክሙ ጋር ትቶታል። ከዚያም በኋላ ከገበሬ ሥራ አልራቀም፤ በ1884 ኤራኚ ወደምትባል መንደር ሄዶ በ1903 እስኪሞት ድረስ ቤቱ እዚያ ነበር። ፖም የሚለቅሙ፣ ድርቆሽ የሚያገላብጡ፣ ቃርሚያ የሚቃርሙ ሴቶችን ሣለ። የድኻ ኑሮም ያውቅ ነበር፤ ልጆቹ ብዙ፣ ገንዘቡ ጥቂት ነበር።

‹‹ነጭ ውርጭ›› ዛሬ የሚገኘው በፓሪስ ኦርሴ በሚባለው ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ድሮ የባቡር ጣቢያ ነበር። ከየአገሩ የሚመጣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ ያየዋል። ብዙው ሰው ስለ ብርሃኑና ስለ ቀለሙ ያወራል፤ ያውራ፣ የሚወራለት ነው።

ገበሬ ቢያየው ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። ጥላው ረጅም ነው፤ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላለች ማለት ነው። ውርጩም አልቀለጠም። ሰውዬው ግን ጭራሮውን ሰብስቦ፣ አስሮ፣ ተሸክሞ መንገድ ጀምሯል። ታዲያ ከቤቱ የወጣው ገና ሳይነጋ ነው።