ሪፈር ወረቀት ብቻ አይደለም

ባለፈው ረመዷን አክስቴ ምጥ ጠናባት። የጤና ጣቢያው አዋላጅ በኦፕራሲዮን መውለድ እንዳለባት ነግራን የሪፈር ወረቀት ጻፈች፤ አምቡላንስም ቶሎ መጣ። ሆስፒታል ስንደርስ ግን የሰመመን ባለሙያው የለም ተባልን። ሌላ ወረቀት ተጽፎልን ወደ ሌላ ከተማ ቀጠልን። አክስቴ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሕፃኑን ቀበርነው።

ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እናቶችን የሚገድሉ መዘግየቶችን በሦስት ከፍለዋቸዋል፤ ለመሄድ መወሰን፣ መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ማግኘት። አገራችን በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ብዙ ደክማለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ ወረዳዎች አምቡላንስ አግኝተዋል። የእኛ ነገር የተበላሸው በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል ነው። ደርሰን ነበር፤ የደረስነው ግን ሊረዳን ወደማይችል ቦታ ነው። የጎደለን አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

መድረሳ እያለን ስለ አማና የተማርነው፣ ተቀባዩ እጅ እስኪገባ ከተሸካሚው ጫንቃ እንደማይወርድ ነው። ኔትወርክ ስንማርም ያው ነው፤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለ ላኪው መልእክቱን ደግሞ ይልካል። የሪፈር ወረቀት ግን ከታማሚዋ ጋር በቤተሰብ እጅ ይጓዛል። ሆስፒታሉ የሚያውቀው በሩ ሲንኳኳ ነው።

ስለዚህ አምቡላንሱ ሲነሣ ይደወል፤ የተቀበለው ሰው ስምና ሰዓት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሆስፒታሎች ሪፈር የሚከታተል የላይዘን ክፍል አላቸው፤ ስልኩ የአንድ ሠራተኛ የግል ሞባይል ሳይሆን ሌሊትም የሚነሣ የክፍሉ ቁጥር ይሁን። (የክፍሌ ልጆች «አፕ እንሥራለት» ይሉኛል። እኔም አፕ እወዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስልኩ ይነሣ።)

«ስልክ ከተለመደ ሆስፒታሎች ሞልተናል እያሉ ይመልሳሉ» የሚል ሰው አለ። እውነቱን ነው፣ ይህ ያሰጋል። መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም። መቀበል አልችልም ያለ ሆስፒታል የሚቀበል ሌላ ራሱ ፈልጎ ያገናኝ፤ ፍለጋው የአምቡላንስ ሹፌርና የደነገጠ ቤተሰብ ሥራ አይሁን። ደም የሚፈስሳት እናት ደግሞ የስልክ መልስ አትጠብቅም፤ መኪናው እየሄደ ይደወላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዋላጇን ገበያ ላይ አገኘኋት። «እንዴት ሆኑ?» አለችኝ። የነገራት ሰው አልነበረም።