ያገለገለ ላፕቶፕ መያዝ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ዐይቡን መደበቅ ነው



የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሊወጣ ሲቃረብ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደኛ የሚመጣው ጥያቄ ይለወጣል። በሌላው ጊዜ የጦሃራና የጾም መስአላ ይበዛል፤ በዚያ ሰሞን ግን «ኡስታዝ፣ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» የሚለው ይበዛል። እኛ የኮምፒውተር ነጋዴዎች አይደለንም። ሆኖም ጠያቂው ሲበዛ ሙያው ያላቸውን ወንድሞች ጠየቅን፤ ሱቆቹንም ዞረን አየን። ጉዳዩ የዕቃ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም ተረዳን። ለላፕቶፕ የሚወጣው ብር ብዙ ጊዜ እናት ጉሊት ተቀምጣ ያጠራቀመችው፣ አባት በሬውን ሸጦ የላከው፣ ወይም እህት ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች የቆጠበችው ነው። አንድ ጊዜ ከባከነ በዚያው ዓመት አይተካም። እንዲህ ያለ አማና በእጁ የያዘ ወጣት ሱቅ ከመግባቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እንናገር። ብሩ ውስን ለሆነ ተማሪ፣ ከርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ በደንብ የተፈተሸ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይሻለዋል። ለምን እንደሆነ በዝርዝር እንመልከት።

🔹 «ሰልባጅ» የሚሉትን አትስሙ

ብዙ ወጣት ዩዝድ ላፕቶፕ ይዞ ዶርም መግባት ያሳፍረዋል። ጓደኞቹ «ሰልባጅ» እንዳይሉት ይሰጋል። ስለዚህ በያዘው ብር የሚገኘውን ርካሽ አዲስ ይገዛል፤ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ። ውስጡን ስናይ ግን በዚህ የዋጋ ደረጃ ከሚሸጡት አዳዲሶች ብዙዎቹ ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም እና ኢኤምኤምሲ የሚባል 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያላቸው ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርትም ይኸው 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ማለትም ያ ላፕቶፕ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ የመጨረሻው ወለል ላይ ነው። ብሮውዘር፣ ወርድና ቴሌግራም አንድ ላይ ሲከፈቱበት ይንቀራፈፋል። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ ቦታ ያጣል። የባሰው ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ራሙም ማከማቻውም ከቦርዱ ጋር የተበየደ መሆኑ ነው። በኋላ ብር ቢገኝ እንኳ ማሳደግ አይቻልም።

የቢሮ ላፕቶፕ ታሪኩ ሌላ ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው በጅምላ የያዙትን ላፕቶፕ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ ይተካሉ። አሮጌው ለገበያ ይወጣል። መገናኛና ቦሌ ባሉ ሱቆች፣ በቴሌግራም ቻናሎችም ላይ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው ከምናያቸው ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። የዴል ላቲትዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ እና የሌኖቮ ቲንክፓድ ቤተሰቦች ለቀን ከቀን ሥራ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ኪቦርዳቸው ጠንካራ ነው፤ መለዋወጫቸው ይገኛል፤ ብዙዎቹም በመፍቻ ተከፍተው ራምና ኤስኤስዲ ይቀየርላቸዋል።

🔹 ለተማሪ ምን ያህል ይበቃል?

አብዛኛው ተማሪ የሚሠራው ይታወቃል፦ አሳይመንት መጻፍ፣ ሞጁልና ፒዲኤፍ ማንበብ፣ ፓወርፖይንት ማዘጋጀት፣ ኢንተርኔት መፈለግ፣ ኤክሴልና ኤስፒኤስኤስ፣ ትንሽ ኮዲንግ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለሚወስዱ እጅ ኪቦርድና ማውስ መልመዱም ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። ከደርስ ያልራቀ ተማሪ ደግሞ በነፃ የሚገኘውን መክተበቱ ሻሚላን ይጭናል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ኪታቦች በአንድ ቦታ ያገኛል።

ለዚህ ሁሉ የሚበቃው፦
— 8 ጊጋባይት ራም
— 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ሀርድ ዲስክ ሳይሆን)
— ኮር አይ5፣ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ

8ኛ ጀነሬሽን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉት ናቸው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ስለዚህ ከዚያ በታች የሆነ ማሽን ዛሬ ቢሠራም ለአራትና አምስት ዓመት ትምህርት አስተማማኝ አይደለም።

ከእነዚህ ውስጥ ለምሳሌ ላቲትዩድ 5490፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ቲንክፓድ ቲ480 ይገኙበታል። ሦስቱም እ.ኤ.አ በ2018 የወጡ ሲሆኑ ሁለት ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። ዛሬ በ8 ጊጋ ተጀምሮ ነገ 16 ማድረግ ይቻላል። የቲ480 የኋላ ባትሪ ያለ መፍቻ ስለሚወልቅ መብራት ለሚቆራረጥበት አካባቢ ይመቻል።

🔹 «አይ7 ነው!» ሲሏችሁ

ሻጭ «አይ7 ነው» ብሎ ዋጋ ሲሰቅል የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ስንተኛ ጀነሬሽን?» ይሁን። መልሱን ከአፉ ሳይሆን ከስክሪኑ አንብቡ። አይ5 ወይም አይ7 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይናገራል፦ 4600 ከሆነ 4ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ 10ኛ፣ 1135 ከሆነ 11ኛ ጀነሬሽን ነው። አይ7-4600 ዩ የሚባለው ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ አይ5-8250 ዩ ግን አራት። ስሙ ትልቅ የሆነው አሮጌ፣ ስሙ ትንሽ በሆነው አዲስ ይበለጣል።

🔹 ዲፓርትመንት ሳይታወቅ ከባዱን አትግዙ

«አርክቴክቸር ልገባ ስለምችል ግራፊክስ ካርድ ያለው ልግዛ» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ወንድሜ፣ አንደኛ ዓመት የፍሬሽማን ኮርስ ነው፤ ዲፓርትመንትህ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አውቶካድና ሪቪት የሚፈልግ ትምህርት ከደረሰህ ያኔ 16 ጊጋ ራምና የተሻለ ግራፊክስ ትፈልጋለህ። ሕግ፣ አካውንቲንግ ወይም ነርሲንግ ከደረሰህ ግን ያ ሁሉ ብር ያለ ሥራ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ኢስራፍ ነው፤ በሰው ላብ የሚደረግ ኢስራፍ ደግሞ ይከብዳል።

ከያዛችሁት ብር ላይም ሙሉውን ለማሽኑ አታውሉ። ከአሥር እጅ ሁለቱን አስቀሩ። ባትሪ ለመቀየር፣ ራም ለመጨመር፣ ጥሩ ቦርሳና ፍላሽ ለመግዛት ያስፈልጋችኋል። በወለድ ብድር ከመግባት ደግሞ ከዘመድ ጓደኛ ጋር እቁብ ገብቶ አንድ ሴሚስተር መታገስ ይሻላል።

🔹 ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰዓት ስጡት

1. ታስክ ማናጀር ክፈቱ። የፕሮሰሰሩን ቁጥርና የራሙን መጠን በዓይናችሁ እዩ።
2. ባትሪው። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ሻጩ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። «ዲዛይን ካፓሲቲ» 50,000 ብሎ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» 30,000 ካለ፣ ባትሪው ከጉልበቱ 60 በመቶው ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ዋጋ ስትከራከሩ ተጠቀሙበት።
3. ኤስኤስዲው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የጤንነቱን ደረጃ በመቶኛ ያሳያል።
4. ስክሪኑ። ሙሉ ነጭ፣ ከዚያም ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈቱበት። ነጠብጣብና ጥላ ይታያል።
5. ኪቦርዱ። ኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ምቱ።
6. ዋይፋዩን በስልካችሁ ሆትስፖት፣ ካሜራውን፣ ማይኩን፣ እያንዳንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሽ ሞክሩ።
7. ክዳኑን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። ማጠፊያው ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ ነገ ስክሪኑን ይዞ ይሄዳል።
8. ሪስታርት አድርጋችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1። ፓስወርድ ከጠየቀ የድሮው መሥሪያ ቤት ቁልፍ አልተነሣለትም ማለት ነው። ተዉት።
9. ቪዲዮ ከፍታችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት። ከመጠን በላይ ከጋለ ወይም ከጠፋ አትውሰዱት።

ደረሰኝም ጠይቁ። ዋጋው ከገበያው እጅግ ከወረደና ሻጩ ከየት እንዳመጣው ካልተናገረ፣ የሌላ ተማሪ የተሰረቀ ንብረት ሊሆን ይችላል። የወንድምህን እንባ በርካሽ አትግዛ።

🔹 ለሻጮቻችንም ቃል አለን

ከሻጮቹ ውስጥ ከእኛው ጋር በአንድ ሶፍ የሚቆሙ ወንድሞች አሉ። ለእነርሱም እንናገራለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከስሩ እርጥበት ማግኘታቸውን፣ ነጋዴው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ መገሠጻቸውን ሁላችንም ተምረናል። የዛሬው ክምር ላፕቶፕ ነው። ከላይ ተወልውሎ አዲስ ስቲከር ይለጠፍበታል፤ ከስሩ ባትሪው ሞቷል፣ ማጠፊያው በሙጫ ተይዟል። እርጥቡን ወደ ላይ አውጡት። «ባትሪው 60 በመቶ ነው፣ ዋጋው በዚያው ልክ ነው» ማለት ደንበኛ አያሸሽም፤ ያመጣል።

ገዢዎችም መብታችሁን እወቁ። በፊቅህ ኺያሩል ዐይብ የሚባል አለ፤ ዕቃው ሲሸጥ የነበረበትና ገዢው ያላወቀው፣ ዋጋ የሚቀንስ ጉድለት ከተገኘ መመለስ ይቻላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት፣ ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ሐላል አያደርግለትም። ኺያሩ ሸርጥም አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለቱ ወገኖች ሲዋዋሉ እስከ 3 ቀን የማሰቢያ ጊዜ መስማማት ይችላሉ። ለላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። «3 ቀን ልሞክረው፤ ችግር ካለው እመልሳለሁ» በሉ፤ ተስማምታችሁም ደረሰኙ ላይ አስጽፉት። በማሽኑ የሚተማመን ሻጭ እሺ ይላል። እምቢ ካለም መልሱን አግኝታችኋል።

🔹 ከውጭ ለሚላክላችሁ

እህታችሁ ከጅዳ ወይም ወንድማችሁ ከአሜሪካ «ልላክልህ» ሲሉ «ደስ ያለሽን» አትበሉ፤ የምትፈልጉትን ጽፋችሁ ላኩ። ክሮምቡክ እንዳይገዙ አስጠንቅቁ። ዋጋው ያጓጓል፤ ግን በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩትን እንደ ኤስፒኤስኤስና አውቶካድ ያሉ ፕሮግራሞች አይጭንም። የኃይል ጉዳይ አያስጨንቃችሁ። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ እዚህም ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት አስማሚ ብቻ ነው።

🔹 «አዲስ እኮ ዋስትና አለው» ለሚሉን

እውነት ነው። ብሩ በቂ ከሆነና 8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲና ደህና ፕሮሰሰር ያለው አዲስ ማግኘት ከቻላችሁ፣ ዋስትናውም እዚሁ አገር የሚሠራ ከሆነ፣ አዲሱን ግዙ። እኛ የምንቃወመው አዲስነትን አይደለም፤ አዲስ ለመባል ብቻ ደካማ ማሽን መግዛትን ነው። ዋጋ ያልጠቀስነውም ሆን ብለን ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የምንጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ፤ ያኔ ዋጋውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከገዛችሁ በኋላ አንድ ነገር አትርሱ። የዶርም ፍላሽ ቫይረስ ተሸካሚ ነው፤ ላፕቶፕም ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ሻይ ይፈስበታል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። አንዱን ቅጂ በፍላሽ፣ አንዱን በጎግል ድራይቭ አኑሩ።

ያ ብር ያወጡት ሰዎች ላፕቶፑ ስንት ጊጋ እንደሆነ አያውቁም። እናት የምታውቀው ልጇ እንደሚማርበት ብቻ ነው። አይታ የማትመረምረውን እናንተ መርምሩላት።

አላህ ዒልማችሁን ጠቃሚ፣ ሪዝቃችሁን ሐላል ያድርግላችሁ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ወንድምና እህት ጽሑፉን አድርሱልን።

ወላሁ አዕለም።