ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በረድፍና በዓምድ የተሞላ የቁጥር ወረቀት ነው። ቃሉ ግን ነገሥታትና መኳንንት ለዘመናት ሲጫወቱት የኖረ፣ የቼዝ የቅርብ ዘመድ የሆነ ጨዋታ ስም ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችን የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ሕጉን ጽፎ አቆይቶልናል፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩን አሰባስበው አሳትመዋል። ሰንጠረዥ ግን በጥናት ጽሑፍ ብቻ ተከብሮ እንዲቀመጥ የሚገባው ጨዋታ አይደለም። የዛሬው ቼዝ የማያስተምረውን የማሰብ ዘዴ ስለሚያስተምር ልንጫወተው ይገባል።

ልዩ የሚያደርገው አጀማመሩ ነው። መጫወቻው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ቤቶቹ በቀለም ሳይሆን በመስመር ይለያሉ። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፣ የፈለጉትንም ያህል ይሄዳሉ። ይህ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። አንዱ በግራ በኩል መደቆቹን (ወታደሮቹን) ሲገፋ፣ ሌላው ያንን አይቶ ፊሉን (ዝሆኑን) ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ያኛው ደግሞ ይህን ሲያይ ፈረሱን ወደ ቀኝ ያዞራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

«ታዲያ ይህ የእጅ ፍጥነት ውድድር እንጂ ምን ማሰብ አለበት?» የሚል ይኖራል። ጠጠሮቹ ግን ለችኮላ አይመቹም። በንግሥቷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል፤ መደቅ አንዴ ከተገፋ አይመለስም። ስለዚህ የቸኮለ ሰው ሐሳቡን ቀድሞ ይገልጣል፣ የታገሠው ደግሞ አይቶ ሰልፉን ያስተካክላል። ዋናው ብልሃት መቼ መብላት እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ የመጀመሪያው የበላ ሰው የሁለቱንም ሰልፍ ባለበት ያቆመዋልና። የተሸመደደ አከፋፈት እዚህ ብዙ አይጠቅምም። የቼዝ ተጫዋቹ ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 በቦነስ አይረስ የኋላውን ረድፍ በ960 ዓይነት መንገድ በዕጣ የሚደረድር ቼዝ ያስተዋወቀው ከሽምደዳ ለመሸሽ ነበር። ወረራ ያንኑ ችግር ያለ ዕጣ፣ በተጫዋቾቹ ዓይንና ፍርድ ይፈታዋል። አሸናፊነቱም ቢሆን መልክ አለው፤ በደር (በቼዙ ግንብ) ወይም በፈረስ ከመርታት ይልቅ በደካሞቹ ጠጠሮች ንጉሥን መያዝ ይበልጥ ይከበር ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ ዓለም በአንድ ሕግ በሚጫወትበት ዘመን ለምን ወደ ኋላ እንመለሳለን? የሰንጠረዥ ሕግስ ከዘጋቢ ዘጋቢ ይለያይ የለም ወይ? ቼዝን እንተው የሚል የለም። ይሁን እንጂ ንግሥቷ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር መጥረግ የጀመረችው በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በደቡብ አውሮፓ ነው። ከዚያ በፊት በየአገሩ የነበረው የእኛው ባለ አንድ እርምጃ ፈርዝ ነበር። የተለወጠው የእነሱ ነው፤ የእኛው የጥንቱን ጠብቆ ወረራን ጨመረበት። የዝርዝሩ መለያየትም እንቅፋት አይሆንም። ገበጣም ከቦታ ቦታ ሕጉ ይለያያል፤ ሰዎች ግን ከመጀመራቸው በፊት ተስማምተው ይጫወታሉ።

ወጪም የለውም። ቼዝ ያለበት ትምህርት ቤትና ክበብ ሁሉ 64ቱ ቤትና 32ቱ ጠጠር አለው። አስተማሪው ንግሥቷን ፈርዝ ብሎ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ እንድትሄድ ወስኖ፣ ጳጳሱንም ፊል ብሎ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት እንዲዘል አድርጎ፣ «እስኪበላ ድረስ ተራ የለም» ብሎ ቢጀምር ይበቃል። ልጆቹ ያን ጊዜ ከገበታው ቀና ብለው የባላጋራቸውን እጅ ማየት ይጀምራሉ።